ለሹፌሩ የተለመነ ምሕረት

ችሎቱ ከመከፈቱ በፊት ኮሪደሩ በጋራዥ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ሹፌሮች፣ መካኒኮች፣ የስምሪት ክፍል ሠራተኞች፣ ከጎማ ቤት የመጡም አሉ። የሥራ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ነው የመጡት፤ በመዳፋቸው መስመር የገባው ጥቁር ቅባት ግን በአንድ ቀን እጥበት የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። የተሰበሰቡት ለአንድ የሥራ ባልደረባቸው ምሕረት ሊለምኑ ነው። ሰውየው የልብ ሕመምተኛ ነኝ ብሎ ለሕክምና ያዋጡለትን ገንዘብ ለቤት መሥሪያ ያዋለ ሹፌር ነው። በጋራዡ ማንም በስሙ አይጠራውም፤ ጨዋታ ነው የሚሉት። ጥፋቱን አምኗል። ዛሬ የሚቀረው ቅጣቱ ነው።

ትኬት ቆራጯ ከሰዉ ራቅ ብላ በመስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እሷም የዚያው ጋራዥ ሰው ናት፤ ከጨዋታ ጋር በአንድ አውቶቡስ ሠርታለች፤ በቀልዱ ስቃለች። ዛሬ የመጣችው ግን ዐቃቤ ሕግ ጠርቷት ነው።

ዋናው መካኒክ ከሰዉ መሐል ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ለጡረታ የተቃረበ፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ጆሮ ይሉታል። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ጥቂት ቆይቶ "ቫልቩ አይዘጋም" ወይም "ኩሽኔታው አልቋል" ይላል። ሞተሩ ሲፈታ እንዳለው ይገኛል። የመረዳጃ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው።

"ከእኛ ጋር ብትቆሚ ምን አለበት?" አላት።

"ተጠርቼ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።"

"ገብቶኛል። ቅሪ አላልኩሽም። አታክብጂበት ነው የምልሽ። ሰውየው ተዋርዷል፣ ቤቱን ሸጧል፣ ልጆች አሉት።"

"እኔም አለችኝ።"

ጆሮ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። "ያንቺን ጉዳይ ኮሚቴው አልዘጋውም" አለ ዝግ ባለ ድምፅ። "ሰዉ ልቡ ረጋ ሲል እንደገና እናነሣዋለን። ዛሬ ካስቀየምሻቸው ግን…"

ሳይጨርስ ተነሣ። እሷ ግን የቀረውን ሰምታለች።

የትኬት ቆራጯ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሕፃንነቷ ተደጋግሞ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ልቧ ላይ ወርዶ አንዱን ቫልቭ አበላሽቶታል። ሐኪሙ ምርጫ አልሰጣቸውም፤ ዓመቱ ሳይወጣ በቀዶ ሕክምና መቀየር አለበት። ተራ ይዘውላታል። የሚተከለው ቫልቭ ዋጋ ካልገባ ግን ተራው ለሌላ ይተላለፋል። የእናቷ ደመወዝ ተጠራቅሞ እዚያ አይደርስም። የቀራት ጋራዡ ነው፤ ጋራዡ ደግሞ ጨዋታ ባይኖር ኖሮ ዓይኑን አያሽም ነበር።

የጨዋታ ነገር እንዲህ ነበር። ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ደረቱን ይይዛል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ በዚያው አፉ በራሱ ሞት ይቀልዳል። "ቀብሬ ላይ አርፍዶ የሚመጣ ሹፌር ካለ ስምሪት ክፍል ደመወዙን ይቁረጥልኝ" ይል ነበር። ሰው እየሳቀ ዕንባው ይመጣል። ማህተም ያለበት የሐኪም ወረቀት አምጥቶ ነበር፤ ጥቂቶች ግን ተጠራጠሩ። የጋራዥ ሰው ወረቀት አያምንም፤ አዲስ የተባለ ዕቃ ስንቴ አሮጌ ሆኖ አግኝቶታል። "ለምን ጆሮ አይሰማውም?" አለ አንዱ። ለነሱ ቀልድ አልነበረም፤ ጆሮ የሰማው ነገር ተፈትቶ ሳይገኝ የቀረበትን ቀን የሚያስታውስ አልነበረም። ጆሮም የጨዋታን ሸሚዝ አስከፍቶ ጆሮውን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ዙሪያው የቆሙት እየተሳሳቁ ነበር። ቀጭን፣ እንፋሎት የሚያመልጥ የሚመስል ድምፅ ሰማ። "ቫልቩ ያፈሳል" አለ።

ከዚያ በኋላ የጠየቀ አልነበረም። በየወሩ አዋጡ። የጠዋቱን ፈረቃ ተሸከሙለት። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ፣ የጨዋታን የጠዋት ፈረቃ ከሁሉም በላይ የሸፈነለት ሹፌር፣ በማያዘወትረው ሰፈር ሲያልፍ ሲሚንቶ ተሸክሞ ወደ ፎቅ የሚወጣ ሰው አየ። ሰውየው እያንጎራጎረ ነበር። ጨዋታ ነው።

የልጅቷ ጉዳይ ለኮሚቴው የቀረበው እሱ በተያዘ ማግሥት ሊባል በሚችል ጊዜ ነው። እናቷ የሆስፒታሉን ወረቀት ዘረጋች። "ወረቀትማ እሱም ነበረው" አሏት። ሐኪሙን ደውላችሁ ጠይቁ አለች። "ያኔም ስልክ ያነሣ ሐኪም ነበር" አሏት፤ እውነትም የጨዋታ የአጎት ልጅ ነበር ሐኪም ሆኖ የሚያነሣው። በመጨረሻ ከኋላ "ጆሮ ይስማት" የሚል ድምፅ መጣ።

እናትየዋ እሺ ያለችው ሌላ በር ስላልነበራት ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀጥታ መጥታ በመካኒኮቹ ክፍል፣ በተፈታ ሞተርና በዕቃ መደርደሪያው መካከል ቆመች። የዩኒፎርሟን ቁልፎች ከላይ ጀምራ ፈታች። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሁሉም ግን አላዞሩም። ጆሮ ተንበርክኮ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። "ትንፋሽሽን ያዢ" አላት። ያዘች። እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና "አላውቅም" አለ።

"ምን ማለት ነው አላውቅም?" አለች እናትየዋ።

"ያኔም ሰማሁ ብያለሁ። አላውቅም በቃ።"

ልጅቷ ቁልፎቿን አዛንፋ ቆለፈች፤ እናቷ ልታስተካክልላት እጇን ስትዘረጋ ገፋቻት። በአውቶቡስ ሲመለሱ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ከዚያ "እማ፣ ከዚህ በኋላ ለማንም እንዳትነግሪ" አለች።

ችሎቱ ጠባብ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ነፋስ ግን አይሰጥም። ጨዋታ ኮቱ ሰፍቶት፣ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል። መጀመሪያ የተናገረው የጠዋት ፈረቃውን ሲሸፍንለት የነበረው ሹፌር ነው።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ለሱ ብዬ በጠዋት ስነሣ ባለቤቴ ትቆጣኝ ነበር። አሁንም መቆጣቱን አልተወችም።" ከኋላ ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። "ግን ቢታሰር ለኔ ምን ይጨምርልኛል? ሥራውን ይሥራና ይመልስልን። ክፉ ሰው አይደለም። አብረነው ብዙ ስቀናል።"

ዳኛዋ አጎንብሰው ጻፉ። ሽበታቸውን ወደ ኋላ የሰበሰቡ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ ሴት ናቸው። ቀጥሎ ዐቃቤ ሕጉ ትኬት ቆራጯን አስነሣት።

የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቁልፎቹ ላይ ስትደርስ ብቻ ቆም አለች፤ ከኋላዋ ያለው አግዳሚ ሲንቋቋ ሰማች።

የጨዋታ ጠበቃ ተነሣ። ትሑት ሰው ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ ነው የጀመረው። "እኅቴ፣ ኀዘንሽ ይሰማኛል። ነገር ግን ልጅሽን ያላመኑት የሥራ ባልደረቦችሽ ናቸው። ደንበኛዬ ልጅሽን አያውቃትም። በሷ ላይ ያደረገው ነገር የለም፤ አይደለም?"

"እሷ ላይ ያደረገው ነገር የለም።"

"አመሰግናለሁ።"

"አለማመንን ግን ከማን ተማሩት? እኔ ሥራ ስጀምር እዚህ ጋራዥ የታመመ ሰው ሸሚዙን አይፈታም ነበር።"

ጠበቃው ተቀመጠ። ዳኛዋ ቀና አሉ። "ስለ ቅጣቱ የምትዪው አለ?"

ትኬት ቆራጯ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ጆሮ የት እንደተቀመጠ ግን ታውቃለች። "ዛሬ ካስቀየምሻቸው" ያላትንም አልረሳችም። "ስንት ዓመት እንደሚገባ አላውቅም፣ ክብርት ዳኛ" አለች። "እኔ የምፈራው ቅጣቱ ቀሎ ወደ ቤቱ ከሄደ፣ ያደረገውም ነገር ቀላል ነበር እንዳይባል ነው። ምሕረት የሚለምኑለት ገንዘባቸውን የበላባቸው ናቸው፤ ገንዘብ ይመለሳል። ሌላው የሚመለስ አይመስለኝም። ይታሰር።"

ዳኛዋ ከእረፍት በኋላ ውሳኔውን አነበቡ። ሦስት ዓመት እስራት፣ በገደብ። ምክንያታቸውን በዝርዝር አስረዱ፤ ጥፋቱን ማመኑን፣ የቀድሞ ጥፋት የሌለበት መሆኑን፣ ቤቱን ሸጦ ከፊሉን መመለሱን፣ የተበደሉት ራሳቸው መጥተው መለመናቸውን። የትኬት ቆራጯን ቃልም አንሥተዋል። ፍርድ ቤቱ ጉዳቱን እንደሚረዳ፣ ሆኖም በክሱ ያልተካተተ መሆኑን ተናገሩ። አነጋገራቸው ውስጥ ንቀት አልነበረም። ለዚህም ነው የከበዳት።

ኮሪደሩ ውስጥ ሰዉ ጨዋታን ከቦ ትከሻውን ይመታል። "ሥጋ ጨምር እንጂ፣ ይሄ ኮት ያንተ አይመስልም" ይለዋል አንዱ። እሱ አልሳቀም። ትኬት ቆራጯን ሲያያት ከመሐላቸው ወጥቶ ወደ እሷ መጣ። ሚስቱ ልትይዘው ሞከረች፤ ተዋት።

"እታለም፣ የልጅሽን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት" አለ። "ባውቅ ኖሮ…"

"ባታውቅም ያው ነው።"

"ልክ ነሽ። ይቅር በዪኝ ለማለትም አፌ አይደፍርም።"

"እሱን ተወው። ነገ በምሳ ሰዓት ጋራዥ ትመጣለህ።"

"ተባርሬያለሁ እኮ። ዘበኛው አያስገባኝም።"

"እኔ አስገባሃለሁ። ሰዉን እሰበስባለሁ። መታመሙን እንዴት እንደሠራኸው አንድ ባንድ ታሳያቸዋለህ። ላቡን፣ ደረትህ ውስጥ የተሰማውን፣ ሁሉንም።"

ጨዋታ ወደ ኋላ፣ ወደ ቆሙት ባልደረቦቹ ተመለከተ። ፊቱ ተለወጠ። "ይኼን አትጠይቂኝ" አለ ዝቅ ብሎ። "ይቅር ያሉኝ ስላላዩት ነው። ተቸግሮ ዋሸ ብለው ነው የሚያስቡት። ካዩት በኋላ ዓይኔን የሚያይ ሰው የለም።"

"አውቃለሁ።"

"ደግሞስ ማን ያምነኛል?"

"እውነት ስታወራ አያምኑህም። ውሸቱን እንዴት እንደሠራኸው ስትነግራቸው ግን ያምናሉ። እኔን አላመኑም፣ ሐኪሙን አላመኑም። ካንተ ሌላ የቀረኝ የለም።"

ኮቱን ሰብሰብ አደረገ። "እመጣለሁ" አለ።

መጣም። ሰዓቱ ሲደርስ በበሩ ቆሞ ነበር። በመካኒኮቹ ክፍል ሰው በየዕቃው ላይ ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነበር፤ ሲገባ አንዳንዱ እጁን አነሣለት፤ "ደግሞ ታመምክ እንዴ?" ያለም አለ፤ ተሳቀ። ልጅቷ የለችም። እናቷ አላመጣቻትም።

ጨዋታ ከላቡ ጀመረ። ሰው ፊት ከመቅረቡ በፊት ከአውቶቡስ ማጠቢያው ጀርባ ያለውን ደረጃ እየሮጠ ይወጣና ይወርድ እንደነበር ተናገረ። ከዚያ ሸሚዙን ከፈተ። "ጋሼ፣ ና ስማኝ" አለ።

ጆሮ ከመቀመጫው አልተነሣም።

"ጋሼ፣ እባክህ። አንዴ ብቻ።"

ተነሥቶ መጣና ጆሮውን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ጨዋታ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ ከጉሮሮው ሥር የሆነ ነገር አጠበበ፤ ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። የጆሮ ፊት ቀስ በቀስ ተጨማደደ።

"እሱ ነው?" አለ ጨዋታ።

"እሱው ነው።"

"ቫልቭ ሲያፈስ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው እኮ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ለጀማሪ መካኒኮች በአፍህ ስታሳይ ቆሜ ሰምቼ ነው። አሁን ትንፋሼን እይዛለሁ። ስማ።"

የውጭው የአየር መጭመቂያ ብቻ ይሰማል።

"ጠፋ" አለ ጆሮ።

"ይጠፋል። ከትንፋሽ ውጪ አይሠራም። ያን ቀን ትንፋሽህን ያዝ ብትለኝ ኖሮ እዚያው ያልቅልኝ ነበር። አላልከኝም።"

ትኬት ቆራጯ ትናንት ያላሰበችው ነገር አሁን ገባት። ሲስቁለት የነበረውን ሰው ትንፋሽህን ያዝ ያለው አልነበረም። ልጇን ግን ብለዋታል።

"የልጅቷስ?" አለ ጨዋታ። "ትንፋሿን ስትይዝ ጠፋ?"

ጆሮ ከጨዋታ ደረት ላይ ቀና አለ። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር። "አልጠፋም" አለ በመጨረሻ። "ከልቧ ምት ጋር ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ ምት ላይ አለ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው አላውቅም ያልከን?" አለ የጠዋት ፈረቃ ሸፋኙ ሹፌር።

"ፈራሁ። ሁለተኛ ብሳሳት ማን ሞተር ያሰማኛል ብዬ ፈራሁ።"

ሹፌሩ ፊቱን ከጆሮ ወደ ጨዋታ አዞረ። የያዘውን ምግብ ጠቅልሎ ወደ ጎን አስቀመጠ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "ትንሹ ልጄ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ ሚስቴ አትሂድ እያለችኝ በጠዋት የወጣሁልህን ቀን ታስታውሰዋለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"ያን ቀንስ ምን ሆነህ ነበር?"

ጨዋታ የሸሚዙን ቁልፍ ሊቆልፍ ጀምሮ ተወው። "ማታ አምሽቼ እንቅልፍ አሸንፎኝ ነው" አለ።

ሹፌሩ ኮፍያውን አደረገና ወጣ። በሩን አላላተመም፤ መለስ አድርጎት ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ከጎማ ቤት የመጣው ሰው ወለሉን እያየ "ትናንት ይኼን አይቼ ቢሆን ኖሮ ችሎት አልቆምለትም ነበር" አለ ለማንም ሳይሆን። ጨዋታ ሰማው። ጥቂት ቆሞ ጠበቀ፤ ማንም ሂድም ቆይም ስላላለው ብቻውን ወጣ። ሲያልፍ እግሩን የሰበሰበ እንጂ ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

ኮሚቴው እዚያው ተቀመጠ። የልጅቷ ቫልቭ ዋጋ ከፊሉ ከቁጠባቸው እንዲበደር፣ ቀሪው ከደመወዝ እንዲቆረጥ ተስማሙ። ጆሮ ትኬት ቆራጯን ሊያናግራት ፈልጎ በሩ ድረስ ተከተላት።

"ልጅቷን መጥቼ ይቅርታ ልጠይቃት?" አላት።

"አሁን አይሆንም ጋሼ። እሷ ስትፈልግ እነግርሃለሁ።"

ወደ ማታ፣ ገና ሳይጨልም፣ እናትና ልጅ ወደ ቤታቸው የሚያወጣውን ደረጃ ይዘው ነበር። ልጅቷ ግማሽ ላይ ሁልጊዜ ታርፋለች። የደረጃውን ብረት ተደግፋ፣ እናቷ የምትነግራትን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

"ማን አሳመናቸው?"

"እሱ።"

"ሹፌሩ?"

"አዎ።"

ልጅቷ ትንፋሿን ሰብስባ "ታስሮ ቢሆን ማን ይነግራቸው ነበር?" አለች።

"ማንም።"

"ስለዚህ ዳኛዋ ልክ ነበሩ ማለት ነው።"

"ለኛ ጠቀመን። ልክ ነው አልልም።"

"አንቺ ዳኛ ብትሆኚስ?"

እናትየዋ ማሰብ አላስፈለጋትም። "እንዲታሰር እፈርድ ነበር" አለች።

"እኔ ብሞትም?"

ከላይ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ዘጋ። ትኬት ቆራጯ በችሎት ፊት የተናገረችውን ሁሉ በልቧ መልሳ አየችው፤ አንዱም ውሸት አልነበረም፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አንዱም አልሆነም። ከልጇ ትከሻ ላይ የደብተር ቦርሳውን አውርዳ በራሷ ትከሻ አነገተችው።

"ሲሻልሽ ንገሪኝና እንወጣለን" አለቻት፤ አጠገቧም ደረጃው ላይ ተቀመጠች።